ከአውቶቡሱ ጀርባ ዘጠኝ መኪና

ሾፌሩ ዓም ኸሚስ አውቶቡሱን ያቆመው የጎማው ክምር አሥር እርምጃ ሲቀረው ነው። ሞተሩን ግን አላጠፋም። አንዴ ከጠፋ ያለ ገፊ እንደማይነሳ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ ሁሉም በየተራ ገፍተውታል።

«እንግዲህ» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «የሚከፍትልን ካለ ይክፈትልን።»

ዩስር ከመቀመጫዋ ተነስታ በፊት መስታወት አየች። ጎማ፣ የሐዲድ እንጨት፣ በሩ የተገነጠለ ዝገታም ፍሪጅ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። ከክምሩ ጎን የሥራ አጦቹ ድንኳን አለ፤ ድንኳኑ ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ «41ኛ ቀን» ይላል። ትናንት አርባ ነበር። ቁጥሩን በየጧቱ የሚቀይረው ታላቅ ወንድሟ ላዝሃር ነው።

አርባ አንድ ቀን ሙሉ ኩባንያው ከዚህ ከተማ አንድ ቁና ፎስፌት አላወጣም። ባቡሩም ቆሟል፣ መንገዱም ተዘግቷል። ሥራ ያላገኙት የከተማው ልጆች «ወይ ቅጠሩን፣ ወይ ድንጋያችሁ እዚሁ ይቀመጥ» ብለው ተኝተውበታል። ለተማሪ ግን እንከፍታለን ብለው ነበር። ላዝሃር ትናንት እራት ላይ፣ እናታቸው እየሰማች፣ «ጧት ራሴ ነኝ ጎማውን የማነሳላችሁ» ብሎ ለዩስር ቃል ገብቶላታል።

ዛሬ የስፖርት ፈተና ነው። ውጤቱ ከባካሎሪያው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና ጋር ይደመራል፤ የቀረ ዜሮ ይያዝበታል። በሚቀጥለው ከተማ ስታዲየም ሁለት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። አሁን አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ መንገዱ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ፊዚክስና ፈረንሳይኛ ዓመቱን ሙሉ ዩስርን ሲጎትቷት ከርመዋል፤ ለማለፊያው ግማሽ ነጥብ ያህል ይጎድላታል። ያቺን ግማሽ ነጥብ ከየትም አታገኛትም፣ ከእግሯ በስተቀር። አንድ ሺህ ሜትር ላይ የሚደርስባት የለም።

ላዝሃር ከድንኳኑ ወጣ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ የአካባቢው ውሃ ያቃጠለው ቡናማ ጥርሱ ታየ። ለጎማው ጎንበስ አለና ቀና ሲል ግን ፊቱ ጠቆረ። የሚያየው ከአውቶቡሱ ኋላ ነበር። መጥቶ በሩን በመዳፉ መታው።

«ሲ ሚዙኒ! ከኋላችሁ ያስከተላችሁት ምንድን ነው?»

የስፖርት አስተማሪው ሲ ሚዙኒ ዞረ። ሃያ ሦስቱ ተማሪዎችም አብረው ዞሩ። ፎስፌት እስከ አፋቸው የሞሉ ዘጠኝ ከባድ መኪናዎች፣ አንዱ ካንዱ ጭራ ተለጥፎ፣ የፊተኛው አፍንጫ የአውቶቡሱን መከላከያ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«በአላህ እምልልሃለሁ» አለ ሲ ሚዙኒ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ፊሽካ ጨብጦ፣ «ስንነሳ አልነበሩም። ከመታጠፊያው ላይ ነው የተጣበቁብን።»

«ብልጦች!» አለ ቲጃኒ፣ የላዝሃር ጓደኛ። ድንኳኑ ውስጥ ድምፁ ከሁሉም የሚጎላው እሱ ነው። «በተማሪ ጀርባ ታዝለው ሊያልፉ! ለልጆቹ ስንከፍት ሹልክ! አርባ አንድ ቀን በዜሮ ተባዛ!»

«አይከፈትም» አለ ላዝሃር።

አውቶቡሱ ውስጥ ጫጫታው ተነሳ። በእግራቸው ተሻግረው ማዶ መኪና ይፈልጉ ያለ ነበር፤ ከክምሩ ወዲያ ግን ከአርባ ቀን ወዲህ መኪና ዝር አይልም። ሲ ሚዙኒ ወዲያኛው ከተማ ደወለ። ሚኒባስ እስኪመጣና ይዟቸው እስኪመለስ የስም ጥሪው እንደሚያልፍ ተነገረው።

«ምናለ» አለች ጉፍራን፣ የዩስር የወንበር ጓደኛ፣ «ዩስር ሮጣ ትሂድና ለሁላችንም ትፈተንልን።»

ማንም አልሳቀም። ዩስር ወረደች።

«ላዝሃር፣ ትናንት ምን ነበር ያልከኝ?»

«ትናንት ዘጠኝ መኪና አልነበረም። ግቢ፣ ቀዝቃዛ ነው።»

«ዜሮ ነው የምንያዘው። ሁላችንም!»

«ተያዙ!» ዓይኑን ከመኪናዎቹ ላይ አላነሳም። «ዜሮ ብትይዢ፣ ሃያ ብትይዢ ምን ሊቀር? እኔ አላለፍኩም? ባካሎሪያ አልያዝኩም? በኬሚስትሪ ማስተርስ አልያዝኩም? ከተመረቅኩ ስድስት ዓመቴ! እናቴን የሲጋራ መግዣ እየጠየቅኩ። ነይ ጎማ ላይ ተቀመጪ፤ ወደፊት የምትመጪበት ቦታ ነው፣ ከአሁኑ ልመጂው።»

ቲጃኒ ከት ብሎ ሳቀ። የዩስር ደሟ ፈላ። ዓይኗ ድንኳኑ ላይ አረፈ። እዚያ፣ በድንኳኑ ሽቦ ላይ፣ የሁሉም ዲፕሎማ እንደ ልብስ ተሰቅሏል፤ ጋዜጠኛ ሲመጣ ያያል ብለው። የላዝሃር ግን ከሌሎቹ ይለያል። በፍሬም ነው፣ በላዩም ወፍራም ላስቲክ ለብሷል፤ የላስቲኩ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል።

«ምንም የማይረባ ከሆነ» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «ዝናብ እንዳይነካው ለምን ትሸፍነዋለህ?»

ላዝሃር ዞሮ ፍሬሙን አየ። ቲጃኒም ሳቁን አቆመ።

«ባለፈው ሳምንት ሲያካፋ» አለች፣ «ብርድ ልብስህን ትተህ እሱን ይዘህ ነው ወደ ቤት የሮጥከው። እማማ አይታለች፣ እኔም አይቻለሁ። እኔም የማሽገው ነገር ይኑረኝ፣ ላዝሃር። ከዚያ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሺ።»

ከኋላ የፊተኛው መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት።

«ብከፍት» አለ ላዝሃር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እነሱን ምን ያቆማቸዋል?»

ዩስር ዞራ አየች። አውቶቡሱን፣ መኪናውን፣ በመሀላቸው ያለውን ክንድ የማይሞላ ክፍተት።

«እኛ» አለች።

የሐሳቡ ዕብደት ለሌሎቹ የገባቸው ከወረዱ በኋላ ነው። ለፈተናው ቀን፣ እንደ ተማሪው ሁሉ ልማድ ስታዲየም ሲገቡ ሊያውለበልቡት፣ ሦስት አንሶላ ሰፍተው ትልቅ ጽሑፍ ጽፈውበት ነበር። ሌላ ትምህርት ቤት ጭስና ርችት ይገዛል፤ እነሱ የጉፍራን እናት አንሶላ ነበር ያላቸው። በቀይ ቀለም «ገና አለን» ይላል። አውቶቡሱ አንድ ሜትር ያህል ወደፊት ፈቀቅ ሲል፣ በክፍተቱ ገብተው አንሶላውን ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ዘረጉት።

«ተመለሱ! የምጠየቀው እኔ ነኝ!» ሲል የነበረው ሲ ሚዙኒ፣ የሚሰማው ሲያጣ የአንሶላውን መሀል ያዘ።

የፊተኛው መኪና ሾፌር በመስኮት ብቅ አለ። «ልጆች፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም! ሃያ አምስት ቶን ነው!»

«የኛም ጨዋታ አይደለም!» አለች ጉፍራን። «ፈተና ነው!»

ከጀርባቸው ጎማ ሲጎተት፣ እንጨት ሲወድቅ ይሰማል። ዩስር መዞር አልቻለችም። የፊተኛው መኪና የአየር ፍሬን ፍስስ አለ። አንሶላው ደረቷ ላይ ተለጠፈ፤ በጨርቁ አልፎ የሞተሩ ሙቀት መዳፏን ፈጃት። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ነበር። በጣም በቀስታ፣ ሰው በትከሻው እንደሚገፋ ዓይነት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሌላ አንድ እርምጃ።

«ፍሪጁ ተሰነቀረ!» ጮኸ ቲጃኒ። «ዝጉት! እየገቡ ነው፣ ዝጉት!»

«አይዘጋም!» የላዝሃር ድምፅ ነው። «ግፉ! አውቶቡሱ ይለፍ!»

ሦስተኛ እርምጃ። ወደ ኋላ መሄጃው እያለቀ ነው። ዩስር ሾፌሩን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ከፍታ የሚያየው ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው። እና ተቀመጠች። አስፋልቱ ላይ፣ እግሯን አጥፋ፣ ዘጭ። ጉፍራን አይታ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም፣ እንደ ማዕበል፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው። አንሶላው አብሯቸው ወረደ። ከሾፌሩ ዓይን ሃያ ሦስት ልጅ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

መኪናው ባለበት ተንቀጥቅጦ ቆመ። መከላከያው ከዩስር ግንባር ስንዝር አይርቅም፤ ከሥሩ ዘይት ጠብ ይላል። ሾፌሩ በሩን በርግዶ ዘለለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አብዳችኋል? የት ናችሁ? ማን ተነካ?»

ያልተቀመጠው ሲ ሚዙኒ ብቻ ነበር። ፊሽካውን እስኪሰነጠቅ ነፋው። «ሐሺሚ! አንተ ነህ? ገመድ መዝለል ያቃተህ ልጅ፣ ሰው ልትዘል ነው?»

ሾፌሩ የድሮ አስተማሪውን አየ። ቆቡን አወለቀ። «ሲ ሚዙኒ... ሂድ ብለውኝ ነው እኮ።» ሄዶ ቁልፉን ከመኪናው ነቀለና ኪሱ ከተተ።

«አውቶቡሱ አልፏል!» አለ ላዝሃር ከኋላ። «ዩስር፣ አልፏል! ሩጡ!»

አንሶላውን ጠቅልለው ሮጡ። በፍሪጁና በእንጨቱ መሀል ሾልከው ሲያልፉ ላዝሃር እያንዳንዳቸውን በክንዳቸው እየሳበ ያሻግራል። ዩስር የመጨረሻዋ ነበረች። እጁ በጎማ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ክንዷ ላይ አምስት ጣት አተመባት። ወዲያው ዞሮ ጎማውን መልሶ ይከምር ጀመር።

ዓም ኸሚስ ያን አውቶቡስ እንዴት እንደነዳው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ስታዲየሙ በር ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ሜዳው መሀል ፈታኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀሩትን ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እየጠራ ነው። የዩስር ስም ሲጠራ እሷ ገና የመሮጫው መም ጫፍ ላይ ነበረች።

«ዩስር ቢንት ሳልህ!» ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ወረደ። «ቀረች...»

«አለሁ!» መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆና ጮኸች። «አለሁ! አለሁ!»

ፈታኙ ብዕሩን አነሳ። እየሮጠች የምትመጣውን ልጅ፣ ከኋላዋ ደግሞ ጥቀርሻ የነካው አንሶላ እየጎተቱ የሚግተለተሉትን አየ።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ከመንገድ ነው» አለች እያለከለከች።

«ለመሮጥ ትንሽ ትንፋሽ ተርፎሻል?»

ተርፏታል። እንዲያውም በዚያ ቀን ያን ያህል የቀለላት ነገር አልነበረም። ሁለት ዙር ተኩል፤ ከፊቷ የሚገፋት መኪና የለ፣ ከኋላዋ የሚዘጋ በር የለ። የመጨረሻውን ዙር ብቻዋን ነበረች።

ከሰዓት በኋላ፣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ የጉፍራንን ስልክ ተውሳ ደወለች። ወዲያ ማዶ ነፋስና የሰው ድምፅ ይሰማል።

«መኪናዎቹስ?» አለች መጀመሪያ።

«ተመለሱ። ሐሺሚ ቁልፉን አልሰጥም ብሎ አለቆቹን ሲያለፋ ዋለ። ሰሌዳው እንዳለ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንት?»

«ከሃያ አሥራ ዘጠኝ።»

ከወንድሟ አጠገብ ቲጃኒ «ስንት አለች? ስንት አለች?» እያለ ሲነዘንዝ ሰማች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ላዝሃር ለቲጃኒ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሶ፣ እንደ ድሮው፣ ደብተሯን ከፍቶ ሲቆጣት እንደነበረው፦

«አንዷስ ነጥብ የት ገባች?»