የዝገት ተራ

አጸደ ከብረት ላይ የምታስለቅቀው ዝገት ጠፍቶ አያውቅም፤ ወደ ጎረቤት ይሄድ ነበር።

ነገሩ የታወቀው ሥራውን በጀመረች በሁለተኛው ክረምት ነው። አጸደ ጅማ ውስጥ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ከግቢዋ ጀርባ ባለችው ክፍል የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጥቃቅን ብረቶችን በዚንክ ትለብጣለች። ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሞላውን መጀመሪያ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ዝገቱ ይለቃል። ከዚያ አጥባ፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አንጠልጥላ፣ በሁለት ወፋፍራም የዚንክ ሰሌዳዎች መሐል የመለበጫ መድኃኒቱ ውስጥ ትሰቅለዋለች። ሽቦውን ከመኪና ባትሪ ጋር ታገናኛለች። ሰዓት አታይም፤ የዘወትር ጸሎቷን ሦስት ጊዜ ስትደግም ይደርሳል። ሲወጣ አዲስ ሳንቲም ይመስላል።

የለቀቀው ዝገት የት እንደሚገባ ጠይቃ አታውቅም ነበር። አንድ ሰኞ የጎረቤቷን የራህመትን የበር ማጠፊያ ያዘ። ሐሙስ ደግሞ መቀሷን። ራህመት ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀሱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«አጸዱ፣ ይሄ ያንቺ መሰለኝ።»

አጸደ ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። ቀዩ ዝገት ላይ የቡሎን ጥርስ ተዟዙሮ ታትሟል።

«የኔው ነው» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

«ምንም አይደል። ግን ማጠፊያዬንም በልቶታል።»

በሦስተኛው ሳምንት የእድሩ ሊቀመንበር የጋሽ ወልደሰንበት ግራ ጉልበት ዛገ። ሲቀመጡ ሲጢጥ ይላል፤ ሲነሱ ካልሲያቸው ላይ ቀይ ዱቄት ይራገፋል። ባለቤታቸው በየጠዋቱ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ሁለት ጠብታ ሲያደርጉላቸው ቀለል ይላቸው ነበር። ጉዳዩ ለእድር ቀረበ።

አጸደ ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ ያለውን እንዳለ ተናገረች። ከኋላ አንዱ «ሥራውን ትተወዋ!» አለ።

«ትታው ምን ትበላ፣ ያንተን ወሬ?» አሉት ጋሽ ወልደሰንበት። «ዝገቱም ቢሆን መግቢያ ቢያጣ ነው የሚባልገው። ተራ ይውጣለት።»

ሁሉም እጁን አወጣ። ጸሐፊው በእድሩ ደብተር ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ዝገት በሃያ ስምንቱ አባወራዎች ቤት በተራ ይስተናገዳል። ተረኛው ቤት አሮጌ ብረት በደጁ ያስቀምጣል። ሐዘን የደረሰበት ቤት ተራው ለሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

ደንቡ ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ሰው መጥረቢያም ሆነ የተሰበረ ቁልፍ ደጁ ላይ ያኖራል፣ ዝገቱ ይመጣል፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ አለቀ። ያላረፈችው አጸደ ብቻ ነበረች። ብረት በነከረች ቁጥር ተረኛው ቤት ድረስ ሄዳ ገብቶ እንደሆነ ካላየች እህል አይወርድላትም። ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

ልጇ ምንትዋብ ስምንት ወሯን ይዛ፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ የመጣችው ማክሰኞ ቀን ነው። ቦርሳዋን ስትፈታ ቀያይ እንክብሎች የሞሉበት ብልቃጥ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብረት ነው፣ እማዬ። ደምሽ አንሷል ብለው ጤና ጣቢያ የሰጡኝ። በቀን አንድ።»

«ብረት ስትዪኝ... የምርሽን ብረት?»

«ብረት ነዋ! ይኸው ሁለት ወር ዋጥኩት።»

አጸደ ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ አደረገችው፤ ከዚያ አንስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም አውጥታ መልሳ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። የነገው ተራ የራህመት ነው። ቀጥሎ ያለው የራሷ። ከነገ በኋላ እስከ ክርስትናው ድረስ አንዲት ቡሎን እንኳን ላትነክር በልቧ ቆረጠች። የነገውን ግን ለባህሩ ቃል ገብታለታለች።

ባህሩ አሮጌ ሞተር ሳይክል እያፈላለገ የሚያድስ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት፣ ልቡ ውስጥ ዐሥር ሞተር ያለው ሰው ነው። ይህኛውን ከጊቤ ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ነው ያገኘው። ስንት ዘመን እንደተኛ፣ ማን እንደጣለው የሚያውቅ የለም። ትንንሽ ብረቶቹን በጆንያ አምጥቶ «እታለም፣ አንድም እንዳይጠፋብኝ አደራ። ወንዙ የበላብኝ ይበቃኛል» ብሏት ሄዷል።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብረቱ አሲድ ውስጥ ገባ። ሲገባ ዘጠኝ ኪሎ ነበር፤ ሲወጣ ሦስት። ስድስቱ ኪሎ ዝገት በክፍሏ መስኮት ወጥቶ ወደ ራህመት ቤት አቀና። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከራህመት ቤት ልቅሶ ተሰማ።

የራህመት አማት፣ የባሏ አባት፣ አጋሮ ከተማ ሞተዋል። ድንኳን እየተተከለ ሳለ ጋሽ ወልደሰንበት ደብተሩን ብብታቸው ሥር ይዘው አጸደ በር ላይ ቆሙ።

«አጸደ፣ ተራው ላንቺ አልፏል።»

«ጋሼ፣ ምንትዋብ ቤት ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ብረት ነው የምትውጠው።»

ጋሽ ወልደሰንበት ደብተሩን ገለጡ። «መዋጥ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ?»

«ሁለት ወር።»

«ደንቡ ስለ ነፍሰ ጡር የሚለው የለም።»

«አሁን ይጻፋ!»

«ለመጻፍ ስብሰባ ይጠራል። ተሰብሳቢው ድንኳን ላይ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለኔም እንደ ልጄ ናት። ግን አንዴ ወጥቷል እኮ። የት ደርሷል አሁን?»

ሁለቱም ወደ መንገዱ አዩ። ዝገቱ ራህመት ደጃፍ ቆሟል። ቁመቱ የውሻ ያህል ነው፤ ነፋስ ሳይኖር የሚሄድ ቀይ አቧራ። ድንኳኑን አየ፤ ውጭ የተደረደረውን ጫማ አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ አጸደ ቤት ተመለሰ።

አጸደ ያላትን ብረት ሁሉ ደጅ አወጣች፦ የከሰል ካውያውን፣ መጥረቢያውን፣ የአልጋውን ሽቦ። ዝገቱ ካውያውን ውሃ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ጨረሰው። መጥረቢያው እጀታው ብቻ ቀረ። የአልጋው ሽቦ ሲነካ እንደ ሸንኮራ ገለባ ተሰባበረ። ዝገቱ አልጠገበም። የበሩን ማጠፊያዎች በላ፤ በሩም በዝግታ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። የመስኮቱ ብረት ተከተለ። ምንትዋብ ቤቱ መሐል እንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ አፌ ሳንቲም ሳንቲም አለኝ።»

«ዝም በይ። ምራቅሽን ትፊው።»

አጸደ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። የጸሎት ሥዕሏ ፊት ቆማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሏ ሮጠች። ዚንክ ብረትን ነክቶ እስካለ ድረስ ዝገት መጀመሪያ የሚበላው ዚንኩን ነው። ይህ በእድር ያልተወሰነ፣ የሥራው ሕግ ነው። ሁለቱን ሰሌዳዎች ከመድኃኒቱ አወጣች፤ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበቻቸው፤ በነጠላዋ ጠርዝ አደረቀቻቸው። ምንትዋብ ጭን ላይ አስቀመጠቻቸውና ከሰሌዳው እስከ ልጇ አንጓ ድረስ የመዳብ ሽቦ አሰረች።

«ይቀዘቅዛል!»

«ይቀዝቅዝ። እንዳትለቂው ብቻ።»

ዝገቱ ገባ። ወንበሩን ሰባት ጊዜ ዞረ። የምንትዋብን እግር አሸተተ፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ዚንኩ መንጣት ጀመረ። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነጭ ነገር ወለሉ ላይ ይፈስሳል። አጸደ ጠረገችው። እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ጠረገች። መስኮት ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የሰሌዳውን ውፍረት በጣቷ ትለካለች። መጀመሪያ አውራ ጣቷን ያህል ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ትንሿን ጣቷን አከለ። ሰባት ሰዓት ላይ የኮባ ቅጠል።

«እማዬ፣ አንዴ እንኳን ቁጭ በይ እስቲ። እኔን ነው የምታዞሪኝ።»

«ይኸው ተቀመጥኩ» አለች አጸደ እየጠረገች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ወልደሰንበት አንድ ዘንቢል የባትሪ ድንጋይ ይዘው ገቡ።

«ራህመት ናት የላከችው። እዚያው ፍራሽ ላይ እንዳለች 'አጸዱ የድንጋዩ ቆዳ ዚንክ ነው ብላኝ ነበር፤ ቶሎ አድርሱላት' አለች።»

ከኋላቸው የድንኳኑ ሰዎች መጡ። እያንዳንዱ ከየሬዲዮኑና ከየእጅ ባትሪው ያወጣውን ይዟል። ሸማግሌዎቹ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡና፣ ነጭ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው፣ በፒንሳ ድንጋዩን እየላጡ ቆዳውን ለምንትዋብ ያቀብሏት ጀመር። ስለ ሟቹ ደግነት ያወራሉ። ስለ ዝገቱ የሚያወራ የለም።

«እናንተ ለቅሶ ትታችሁ...» አለች አጸደ።

«ይሄስ ምኑ ነው?» አላት አንዱ። «አቀብዪ ዝም ብለሽ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ድንጋይ ተላጠ። ቆዳው ምንትዋብ መዳፍ ላይ ነጣ፣ ሳሳ፣ ተበሳ። ሸማግሌዎቹ ፒንሳቸውን አስቀመጡ። አጸደ ወገቧን ይዛ ቆመች። ዝገቱ ከልጇ ጭን ላይ ወርዶ ጥቂት ቆየ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሆዷ ቀና አለ፣ ከዚያ በር በሌለው በር በኩል ወደ ግቢው ወጣ።

«ሄደ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «ተመስገን።»

ዐሥር ሰዓት ላይ ባህሩ ብረቶቹን ሊወስድ መጣ፤ ግን ከግቢው መሐል አላለፈም።

«እታለም፣ ይሄን ማን ገጠመው?»

ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ጎማው፣ የጎማው ሽቦ ራጂው፣ የቤንዚን መያዣው ሰልባትዮው፣ የፊት መብራቱ፣ ሁሉም አለ። ቀይ ነው። አንድም ብረት የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ዝገት ብቻ ነው። ባህሩ ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ወንዙ የበላብኝ የማርሽ ፔዳል ይኸው! ይሄን ስፈልግ ሁለት ዓመቴ።» መቀመጫውን በጣቱ ጫን አለ። ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። ሲያወጣው ቀዳዳው ተመልሶ ተደፈነ። ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «የማን ነው?»

ምንትዋብ ከቤት ውስጥ አጸደን ጠራቻት።

«እማዬ!»

«ወዬ ልጄ!»

«ገፋኝ።»

ግቢው ውስጥ ሞተሩ አንድ ጊዜ እህህ ብሎ ሳለ።

«ኧረ አልነካሁትም!» አለ ባህሩ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ።

አጸደ የልጇ እግር ሥር ተንበርክካ መዳፏን ሆዷ ላይ አኖረች። ጸጥ ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ትንሽ ተረከዝ ከመዳፏ ሥር አለፈ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ተወው።

«ወንድ ይመስለኛል» አለች ምንትዋብ እየሳቀች። «ዕረፍት የሚባል የለውም። አንቺን ነው የወጣው።»

አጸደ መዳፏን አላነሳችም። ሌላውንም እጇን ጨመረች፣ እንደሚወድቅ ነገር ደግፋ ያዘችው።

በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ።

ሸማግሌዎቹ ከወለሉ ተነስተው ለአላፊ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሞተሩ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ከጭስ ማውጫው ቀይ ዱቄት ይትጎለጎላል። መሪው ማንም ሳይነካው ከአጥሩ በር ወደ ቤቱ ዞረ። በቀን ብርሃን የፊት መብራቱ በራ።

ብርሃኑ በባዶው በር ገብቶ፣ በአጸደ ትከሻ አልፎ፣ የምንትዋብ ሆድ ላይ ዐረፈ፤ ቀሚሱንም ቆዳውንም አልፎ ገባ። ሁሉም አዩት። ሁለት የቡጢ ጥላዎች፣ መሪ እንደጨበጠ ሰው፣ ጎን ለጎን ወደፊት ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት አይበልጡም። ቀኙ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ተጠመዘዘ፤ ደጅ ያለው ሞተር ጮኸ።