አሻጋሪው የተናገረው

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ጋሽ ፈቀደን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። በባልዲና በጆግ ነጋዴነታቸው የሚያውቃቸው አለ፤ ቸርች ውስጥ ከመዘምራኑ ሁሉ ጎልቶ በሚወጣው ወፍራም ድምፃቸው የሚያውቃቸውም አለ። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ግን በቪዲዮ ጌም ነው። ስልሳ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሰው፣ እሁድ ከቸርች መልስ ኮታቸውን ሳያወልቁ ኑሕ ጌም ቤት ገብተው ከጎረምሳ ጋር ሲከራከሩ ያየ ሁሉ መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል።

ስለ «ሮል ፕሌይ»፣ በተራ እየተዋጉ ታሪክ ስለሚከተሉበት ጌም፣ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! በእሳቸው ዘንድ የዓለም ጌም ሁለት ነው፤ ሰውን የሚያሳስብና ጣትን የሚያደክም። አክሽን የተባለው በሙሉ ከሁለተኛው ወገን ነው። «ምታ፣ ዝለል፣ ተንከባለል! ይሄ ጌም ነው የስፖርት ክፍለ ጊዜ?» ይላሉ። ሮል ፕሌይ ግን ጨዋ ነው። አንዱ ሰንዝሮ እስኪጨርስ ሌላው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንደሚጠበቀው ማለት ነው። የቆሰለው ጀግና አንድ ሌሊት ቤርጎ አድሮ ሲነሳ ቁስሉ ሁሉ ሽሮ ይገኛል። ደግሞም ትንንሹን አውሬ እየጣለ፣ ሳንቲም እየለቀመ ነው የሚጠነክረው እንጂ በአንድ ጀምበር አይደለም። «እኔስ በጆግ በጆግ አይደል እዚህ የደረስኩት?» ይላሉ። ቅሬታቸው አንዲት ብቻ ናት፤ በሮል ፕሌይ ዓለም ያሉ ባለሱቆች፣ ሰይጣን ነገ ምድርን ሊያቃጥል እየመጣ እንኳ ዋጋ አይቀንሱም። «ደንበኛ መያዝ አያውቁም» ብለው ያዝኑላቸዋል።

ይህን ሁሉ ፊት ለፊት የሚጋፈጣቸው ሀያቱ ነው። ሀያቱ በአባቱ ጨርቅ ሱቅ የሚሠራ፣ በአክሽን ጌም ከሳንሱሲ እስከ ማዞሪያው የሚስተካከለው የለም የሚባልለት ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስበው እስኪጨርሱ ቆሞ የሚጠብቅ ጠላት የት አገር ነው ያለው?» ይላቸዋል። «አክሽን ላይ ከሞትኩ ጥፋቱ የራሴ ነው። ትንሽ ዘገየሁ፣ ተመታሁ፣ አለቀ። ሮል ፕሌይ ግን ‹ጉልበት የለህም፣ ሂድና ጥንቸል ስትገድል ዋል› ይላል። ይሄ ጌም ነው የቀን ሥራ?»

ጌም ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ጋሽ ፈቀደ ግን አይደነግጡም፤ ማንም የማይረታው አንድ መልስ አላቸው። እሱም አሻጋሪው ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የተጫወቱት፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ምላሳቸውን ስለሚያስቸግራቸው «የወንዙ ጌም» የሚሉት አንድ የጃፓን ጌም አለ። ጀግናውና ጓደኞቹ ጦር ከኋላ እያሳደዳቸው ትልቅ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። እዚያ ያለው አንድ ሽማግሌ አሻጋሪ ብቻ ነው። ታንኳው የሚሄደው ደግሞ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ገመዱን ሲለቅለት ነው። ሽማግሌው ሁሉንም ያሳፍርና ገመዱን ይዞ ይቀራል። ና አብረን እንሂድ ሲሉት እንዲህ ይላቸዋል፦ «ሂዱ ልጆቼ። አንድ ሰው ካልቀረ ሌላው አይሻገርም። የቀረ ሁሉ ግን የጠፋ አይምሰላችሁ።»

ጋሽ ፈቀደ ይህችን ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰበራል። ያ ሁሉ ጎረምሳ ጸጥ ይላል፤ ሀያቱም ጭምር። «ይሄን የጻፈው ጃፓናዊ» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሰው የሚያውቅ ሰው ነው። እንደኛ ከገጠር መጥቶ ወንድሞቹን ያሳደገ መሆን አለበት።»

ጃፓናዊው ማን እንደሆነ ከርሆቦት በቀር የሚያውቅ የለም። ጃፓናዊው ራሷ ርሆቦት ናት።

ርሆቦት የጋሽ ፈቀደ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ዛሬ በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ የምትሠራ ትልቅ ሰው ትሁን እንጂ ያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አባቷ ታናናሽ ወንድሞቻቸውን ከዱራሜ አምጥተው ለማስተማር ሲሉ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጡ ናቸውና እንግሊዝኛቸው ከ«ሃው ማች» አያልፍም። ስለዚህ ያገለገለ የጌም ማጫወቻ ገዝተው የገቡ ዕለት ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አባት ጆይስቲኩን ይይዛሉ፣ ልጅ እያነበበች ትተረጉማለች። ገና የመጀመሪያው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንደወጣ ሚስታቸውን አልማዜን ጠርተው፣ «ነይ ስሚያት! ለትምህርት ቤት የከፈልኩት ገንዘብ መሬት አልወደቀም፤ ፈረንጅ የጻፈውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች!» አሉ። ልጅቷ ከጽሑፉ የገባት «ንጉሥ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ግን የአባቷን ፊት አየች። እንደዚያ በርቶ አይታው አታውቅም። አልገባኝም ማለት አቃታት።

ስለዚህ ፈጠረች። የንጉሡን ቁጣ ከክፍል አለቃዋ፣ የጠንቋይዋን ክፋት ከውሃ ወረፋ ጠብ አመጣችው። የአሻጋሪውን ንግግር ግን ሩቅ ሄዳ አልፈለገችውም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ «አባዬ፣ አንተ ለምን ትምህርትህን አልጨረስክም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ባልዲ በባልዲ ላይ እየደረደሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አንድ ሰው ካልቀረ ሌላው አይሻገርም» አሏት። እሳቸው ረስተውታል። እሷ አልረሳችም።

የጌሙ ሲዲ መጨረሻው ሳይደርስ ተጫጭሮ አልሠራ አለ። እናም ጋሽ ፈቀደ የወንዙ ጌም በተነሳ ቁጥር፣ «ያ አሻጋሪ ግን መጨረሻው ምን ሆነ ይሆን?» ማለት ልማዳቸው ሆነ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የርሆቦት ግን እያደር ከበደ። አድጋ እንግሊዝኛው ሲገባት ሌሎች ሮል ፕሌዮችን አንብባ፣ አብዛኞቹ ጀግኖች የሚናገሩት ደረቅ ያለ ነገር መሆኑን አየች። እውነቱን ከተናገርን፣ ስለ ጌም ከአባቷ ይልቅ ከሀያቱ ጋር ነው የምትስማማው። ግን አባቷ በሰፈሩ የተከበሩት በዚያች ንግግር ነው። እሷን ብትነቅልባቸው በምን ይቆማሉ? ይህን እያሰበች ዝም አለች፤ ዝምታዋም ዓመት ቆጠረ።

አንድ እሁድ ጋሽ ፈቀደ ጌም ቤት ሲገቡ ኑሕ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ኑሕ የጌም ቤቱ ባለቤት ነው፤ ጋሼን እንደ አባቱ ነው የሚወዳቸው።

«ጋሼ፣ የምሥራች! የወንዙን ጌም እንደ አዲስ ሠርተውት ወጥቷል። አስመጣሁልዎ!»

«እንግዲህ ጉዱን እናያለን» አለ ሀያቱ ከጥግ። «አሻጋሪው ጋ ስንደርስ እኔ ምንም ካልመሰለኝስ?»

የጋሽ ፈቀደ ደም ፈላ። «ሰምተኸው ካልተነካህ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ሮል ፕሌይ ትንፍሽ አልልም! በሰው ሁሉ ፊት ብያለሁ!»

ይህ እንግዲህ ለአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወያላ አትጩህ እንደማለት ነው። ነገሩ ግን ተነገረ፤ ኑሕም በሳምንቱ ውስጥ እየተጫወተ ወንዙ ዳር አድርሶ፣ ከዚያው እንዲቀጥሉ ሴቭ አድርጎ አስቀመጠው።

በቀጣዩ እሁድ ጋሽ ፈቀደ ከቸርች ሲወጡ የርሆቦትን ክንድ ይዘው ነበር። «አንባቢዬ ሳትኖር አይሆንም» አሉ። የመንገዱ አቧራ አዲስ የተወለወለ ጫማቸውን ሲያለብሰው እንኳ ልብ አላሉም።

«አባዬ» አለች ርሆቦት ቀስ ብላ፣ «አንዳንዴ እኮ ሲያድሱት ንግግሩን ይቀይሩታል።»

«እንዲህ ያለውን ንግግር ማን ደፍሮ ይቀይራል?»

ከዚያ ወዲያ አፏ አልከፈት አለ። እስከ ጌም ቤቱ በር ድረስ ልንገረው፣ አሁን ልንገረው፣ ይቺን ሱቅ ስናልፍ ልንገረው እያለች ደረሰች።

ጌም ቤቱ ሞልቷል። የኳስ ጌሙ ሁሉ ተዘግቶ ትልቁ ስክሪን ብቻ በርቷል። ለጋሽ ፈቀደና ለርሆቦት ከፊት ሁለት ወንበር ተይዟል። ኑሕ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ አድርጎ ሲሰጣቸው ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው አስያዟት፤ ከዚያ በፊት ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያ ጀግናውን እየነዱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ውሃው እውነተኛ ውሃ ይመስላል። ከኋላ የጦሩ አቧራ ይታያል። አሻጋሪው፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደው ሽማግሌ፣ ገመዱን ይዞ ቆሟል።

«እሱ ነው!» አሉ ጋሽ ፈቀደ። «ምንም አላረጀም!»

አሻጋሪው አፉን ከፈተ። ጽሑፉ ከታች ወጣ። ዛሬ እንግሊዝኛ የማያነብ ጎረምሳ ደግሞ የለም፤ ሁሉም አነበበው። አንዱ ከኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አፈነዳው።

«አንብቢው» አሉ ጋሽ ፈቀደ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ርሆቦት ቃል በቃል ተረጎመችው። «‹ወደ ሰሜን ሂዱ። ቁልፉ ዋሻው ውስጥ ነው። ተጠንቀቁ።›»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ይኸው ነው፣ አባዬ። አለቀ።»

ታንኳው ሄደ፤ አሻጋሪው ከስክሪኑ ወጣ። ጋሽ ፈቀደ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ኑሕ አንጀቱ አልችል አለ። «ሲያድሱት ቀይረውት ነው እኮ ጋሼ፤ ያበላሹታል፣ የታወቀ ነው» አለ።

የጋሽ ፈቀደ ፊት እንደገና ብርሃን አገኘ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቀይረውት ነው አይደል?»

የማምለጫ በር ተከፍቶላት ነበር። አዎ ብትል ማንም አይጠይቃት፤ አባቷም እንደተከበሩ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ያንን የለመደችውን ፊት አየችው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለች በርቶ ያየችውን ፊት። ይሄ ሰው ግን የቁም ነገር ሰው ነው፣ በውሸት ሊከበር አይገባውም ብላ አሰበች። በአባቷ ያላት ኩራት ነው ያናገራት።

«አልቀየሩትም። ድሮም እንዲህ ነበር። የወንዙን ዳር ንግግር እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የንጉሡንም፣ የጠንቋይዋንም። እንግሊዝኛው አይገባኝም ነበር፣ አባዬ።»

ጋሽ ፈቀደ ጆይስቲኩን ከጭናቸው አንስተው ለኑሕ መለሱለት።

«ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?»

«አምስተኛ።»

«አምስተኛ» አሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ። ርሆቦት ሊወጡ መሰላት፤ እሳቸው ግን ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። ያ የመዘምራን ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ሰማችሁ? ጃፓን አገር ስንትና ስንት የተማረ ሰው ተሰብስቦ ‹ቁልፉ ዋሻው ውስጥ ነው› ብሎ ጻፈ። የኔ ልጅ በአምስተኛ ክፍሏ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ያንን ተናገረች! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለው ማነው? ይኸው እኔ ስንት ዘመን ስበላው ኖርኩ፤ እናንተንም ሳበላችሁ ኖርኩ!»

ሳቅና ጭብጨባው ተቀላቀለ። ርሆቦት በአባቷ ኮት ፊቷን ሸፈነች።

«እንደዚያም ሆኖ ጋሼ» አለ ሀያቱ፣ ለነገሩ የማይሸነፍ ልጅ ነው፣ «ጌሙ አልነካኝም። ቃልዎን እናያለን።»

«ቃሌ ቃል ነው። ስለ ሮል ፕሌይ ትንፍሽ አልልም። ከዛሬ ጀምሮ የማወራው ስለ ልጄ ነው።» ከዚያ ወደ ኑሕ ዞሩ። «ድምፁን ዝጋው። ጽሑፉንም አጥፋው። ጆይስቲኩን ለሀያቱ ስጠው፤ መቼም እጁ ፈጣን ነው፣ እሱ ይንዳው። እኔ አንድ ነገር መስማት እፈልጋለሁ።»

ኑሕ ድምፁን ዘጋው። ሀያቱ ሳያጉረመርም ጆይስቲኩን ተቀበለ። ጋሽ ፈቀደ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

«እንግዲህ ሲዲው ተበላሽቶ ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቅኩትን ዛሬ ትመልሺልኛለሽ» አሉ። «ያ አሻጋሪ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ርሆቦት አላሰበችበትም ነበር። የአባቷን እጆች አየች፤ ጭናቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ስክሪኑ ላይ ታንኳው ድምፅ አልባ ውሃ እየሰነጠቀ ይሄዳል።

«ከተሻገሩት አንዷ ልጁ ነበረች» አለች። «ሌሎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷ ግን ማዶ ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ ገመድ መግመድ ጀመረች። ትንሽ ነበረችና ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ጦሩ አለፈ፣ ክረምትና በጋ አለፈ። ሽማግሌው የቀረ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ገመዱ ደረሰላት። ታንኳውን ይዛ መጣችና አሻገረችው።»

ሀያቱ ጀግናውን መንዳት ረስቶ ወደ ኋላ ዞረ።

«ልጅ ነበረችው እንዴ?»

ርሆቦት ከመመለሷ በፊት ጋሽ ፈቀደ ቀደሟት።

«ነበረችው» አሉ።