የታሸው እግር

ዶክተር ናስራ አንሶላውን ስትገልጥ ፋናዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የልጇ ግራ እግር ከታፋዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ጠዋት ከዴም ሰፈር ወደ ሶባ ሆስፒታል ሳይነሱ በሳሙና ደጋግማ አጥባው ነበር። የሰሊጥ ዘይቱ ሽታ ግን አልለቀቀም።

ዶክተሯ በዓረብኛ ጠየቀች። ፋናዬ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የለመደችው ዓረብኛ ለገበያና ለወጥ ቤት እንጂ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሶፍያ የገዛ ሕመሟን ትተረጉም ነበር።

«‹እግርሽን ያሸው ሰው አለ ወይ?› ትላለች» አለቻት ለእናቷ።

ወጌሻው አቶ ወልደሥላሴ ወለምታ ነው ብለው በሰሊጥ ዘይት ሲያሹት ሰንብተዋል። ብትናገር ሐኪሟ እንዳትንቃት፣ ልጇንም እንዳትመልስባት ፈራች።

«የለም በያት።»

ሶፍያ ወደ ዶክተሯ ዞረች። ከዚያ ረዘም አድርጋ በዓረብኛ ተናገረች፤ በመካከሉ «አሞ ወልደሥላሴ»፣ ጋሼ ወልደሥላሴ እንደማለት፣ የሚለውን ፋናዬ ለይታ ሰማች። ፊቷ ጋለ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። የልጅቷን ደረት አዳመጠች፤ ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ወዲያው በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ምርመራ ላከቻት። እግሩ ሲታሽ የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል ሶፍያ እየተገፋች ለእናቷ ነገረቻት፤ የሌላ ሰው ሕመም የምታወራ ትመስል ነበር። ፋናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ምስሉን ይዛ መጣች። ሳንባዋ ደኅና ነው። ዳሌዋ ውስጥ ግን ደም ቅዳው ቧንቧ ከግራ እግሯ ደም የሚመልሰውን ደም መልስ ቧንቧ ከአከርካሪዋ ጋር አጣብቆ ተጭኖታል፤ እግሯ ውስጥ ደሙ የረጋው በዚህ ነው። ዛሬውኑ ደም የሚያቀጥን መርፌ ይጀመርላታል፤ በኋላ የጠበበውን መስመር በቀጭን ቱቦ ያሰፉታል።

ሶፍያ አንድ እጇን በሌላው ላይ አስተኝታ ለእናቷ አሳየቻት። «ዩማ፣ ይሄኛው ላዩ ላይ ተኝቷል። ስፈጠርም እንደዚህ ነኝ። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«የመጨረሻውን እሷ ናት ያለችው ወይስ አንቺ?»

ሶፍያ ፈገግ አለች። «ሁለታችንም።»

መርፌው ተሰጣት። ዶክተሯ ልትወጣ ስትል ፋናዬ ቶሎ ተነሥታ እጇን ያዘቻት። ልጇ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ተዪው አለቻት፤ በወጥ ቤት ዓረብኛዋ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ ራሷ አመስግና ተናገረች፦

«ሹክራን፣ ዶክቶራ። ሲያሿት ስትጮኽ፣ የያዝኳት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ናስራ እጇን አላስለቀቀችም። በሌላው እጇ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።