የራማን ናት ሰባት ፊልሞች ሙግት

ጌታነሽ አዲስ አበባ የሄደችው ፊልም ልታይ አልነበረም፤ ርስት ልትሟገት ነው። ባሏ ተክለጻድቅ ከሞተ ጀምሮ ከዘመሮ በታች ያለችውን የገብስ መሬት ታናሽ ወንድሙ ወዳጆ “የአባቴ ናት” ሲል፣ እሷ “የባሌ ናት” ስትል፣ ነገሩ ከአጥቢያ ወረዳ፣ ከወረዳ አውራጃ፣ ከዚያም በይግባኝ አዲስ አበባ ገብቶ አምስት ዓመት ሞላው። መሬቷ አንድ ጥንድ በሬ በሁለት ቀን አርሶ የሚጨርሳት ናት። ግን በሚስትና በርስት ቀልድ የለም።

አዲስ አበባ ያሉት ዳኞች የሁለቱንም ስም ይጠሩና መዝገቡን ገለጥ አድርገው “ከአርባ ቀን በኋላ ቅረቡ” ይላሉ። አርባ ቀን ምን ተሠርቶ ያልፋል? ጌታነሽ ያረፈችው በእህቷ ልጅ ቤት ነበር። የልጅቱ ባል ደግሞ የሲኒማ ቤት በር ጠባቂ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ “እማማ፣ ቤት ተቀምጠው ከሚጨንቅዎ ይግቡና ይዩ” ብሎ በጎን በር አስገባት።

ፊልሙ የህንድ ነበር። ከቋንቋው አንዲት ቃል አልገባትም፤ የፊልሙ ጀግና ሲያለቅስ ግን አለቀሰች፤ በጩቤ ሲመጡበት “ከኋላህ!” ብላ ጮኸች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተመለሰች። እንዲህ እያለች በስምንት ወር የዚያኑ ሰው ሰባት ፊልም ጨረሰች።

ስድስተኛው ቀጠሮ እንዳለፈ አገሯ ገባች። የማርያም ማኅበርተኞች ስለ ርስቱ ቢጠይቋት “ተቀጠረ” አለች። ይህን ሁሉም ያውቀው ነበርና ማንም አልገረመውም። ጠላው ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ግን የሲኒማውን ሰው ነገር አነሳች።

“ስሙ ራማን ናት ይባላል” አለች።

ጎረቤቷ አስካለ ማርያም ዋንጫዋን አስቀመጠች። “ወንድ ነው አላልሽም? ደግሞ ናት ትያለሽ?”

“ወንድ ነው።”

“ታዲያ ራማን ነው በያ!”

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውየው ስም በዘመሮ ዙሪያ ራማን ነው ሆኖ ቀረ።

ጌታነሽ ሰባቱን ፊልም እየተነሳች እየተቀመጠች አወራች። ዝሆኑ ጌታው ታስሮ ሲወሰድ ተንበርክኮ እንዳለቀሰ፣ መንትዮቹ በአንዲት ሙሽራ እንደተጣሉ፣ ባቡሩ ድልድይ ላይ እንደቆመ። ሰባተኛውን ግን ፈጠን አድርጋ አለፈችው። ራማን ወንድሙ ይሞትበታል፤ ሬሳውን እንጨት ላይ አጋድመው እሳት ይለኩሱበታል አለችና ዋንጫዋን አነሳች። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ “የክርስቲያን ጆሮ ነው፤ ቀብር በይው” አሏት። እሳቸው ተራ የሌለው ነገር አይወዱም። ቀለምና ብራና አስመጡና፣

“በይ ደረጃውን ተናገሪ፤ ማን ይቀድማል? ማን ይከተላል?” አሉ።

ጌታነሽ ዝሆኑን አንደኛ አደረገች፤ መንትዮቹን ሁለተኛ፤ እያለች ወረደችና የወንድሙን ቀብር መጨረሻ ላይ ጣለችው። መሪጌታ የአንደኛውን ስም እንደ ቅዱስ ስም በቀይ ቀለም ጻፉት።

በሦስተኛው ቀን ወዳጆ ከአዲስ አበባ ገባ። ወሬው የደረሰው ገና በቅሎውን ሳያራግፍ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣

“የወንድሙን ቀብር ሰባተኛ ያደረገው ማነው?” አለ።

ለካ እሱም ፊልሞቹን አይቷቸው ኖሯል! ለካ ጌታነሽ ከታች ስታለቅስ፣ ወዳጆ ሰገነቱ ላይ ሆኖ፣ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ጨለማ ውስጥ ያለቅስ ኖሯል!

“አንደኛው የወንድሙ ቀብር ነው” አለ ወዳጆ። “ዝሆኑ ምን አደረገ? ተንበረከከ። በቅሎም ጭነት ሲከብዳት ትንበረከካለች! የእሱ ቦታ ሰባተኛ ነው።”

ያን ጊዜ አገር ለሁለት ተከፈለ። ፊልም ያየ ከሁለቱ በቀር የለም፤ ዝሆን ያየማ ከነጭራሹ የለም። ቢሆንም የዝሆን ወገንና የቀብር ወገን ተባብለው በአንድ ዋንጫ መጠጣት ተዉ። መኳንንት የሚባል በግ አርቢ ልጁን ሊድር ቀን ከቆረጠ በኋላ፣ አማቾቹ የዝሆን ወገን መሆናቸውን ሲሰማ፣ “ወንድሙ ለሞተበት ላላዘነ ቤት ልጄን አልሰጥም” ብሎ ሠርጉን አስተላለፈ። በገበያ ቀንም ሁለት ሰዎች ስለ ባቡሩ ሦስተኛነት ተከራክረው የአንዱ ግንባር በዱላ ተፈነከተ።

ነገሩ ደም ካፈሰሰ ወዲያ የአጥቢያው ዳኛ አቶ መርስዔ ኃዘን ዝም ማለት አልቻሉም። ሁለቱንም አስጠርተው ከጥዱ ሥር ችሎት ተቀመጡ። ጌታነሽ ዋስ ጠራች፤ ወዳጆም ጠራ። “ብረታ በቅሎ!” አለ ወዳጆ፤ ከተረታ በቅሎውን ሊከፍል። “ብረታ አንድ ጉንዶ ማር!” አለች ጌታነሽ። ለርስቱ ሙግት ስድስት ሰው እንኳ ተከትሏቸው አያውቅም፤ ያን ቀን ግን የጓሳ ተራራ ሣር አጫጆች ሳይቀሩ ማጭዳቸውን በትከሻቸው ይዘው መጡ።

“ዝሆኑን ለእማኝነት ማቅረብ ይቻላል?” አሉ ዳኛው።

“አይቻልም ጌታዬ፤ ህንድ ነው ያለው” አለች ጌታነሽ።

“መንገዱ ስንት ቀን ነው?”

“በባሕር ነው ይባላል።”

ዳኛው አዘኑና ወዳጆን “ጠይቅ” አሉት። ወዳጆ እጅ ነሣ። ከታላቅ ወንድሙ ሚስት ጋር አምስት ዓመት ሲሟገት አንድ ቀን እንኳ “አንቺ” ብሏት አያውቅም።

“እትዬ ጌታነሽ፣ የወንድሙን ቀብር ሰባተኛ ያደረጉት በምን ምክንያት ነው?”

“ዘፈኑ ረዘመ።”

“የመንትዮቹስ ዘፈን? ቡና ተወቅጦ ፈልቶ እስኪጠጣ አላለቀም፤ እሱን ግን ሁለተኛ አድርገውታል።”

“እንግዲያው ዝናቡ በዛ።”

“አራተኛ ባደረጉት ፊልም አገር ምድሩ በጎርፍ አልተወሰደም?”

ሕዝቡ ሳቀ። የጌታነሽ ጆሮ ጋለ።

“ይሁን” አለ ወዳጆ፤ ድሉ ሸተተው። “መጨረሻውን ይንገሩ። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ምን ሆነ?”

 ጌታነሽ ያ ቅዳሜ ትዝ አላት። በሸራው ላይ ራማን ወንድሙን በቃሬዛ ተሸክሞ ከኮረብታ ሲወርድ፣ ከኋላው ነጭ የለበሰች ሴት ስትከተል አይታ ነበር። ሴቲቱ አታለቅስም። ዝም ብላ መሬት መሬት እያየች ትራመድ ነበር፤ ልክ እሷ ተክለጻድቅን ስትሸኝ እንደተራመደችው።

“አላውቅም” አለች። “ወጥቻለሁ።”

“ወዴት?” አሉ ዳኛው።

“ወደ ውጭ ጌታዬ። ቃሬዛው የተክለጻድቅ መሰለኝ። እሳቱ ሲለኮስ ሰው እየረገጥሁ፣ በጨለማ እየተደናበርሁ ወጣሁ።”

“መጨረሻውን ያላዩትን ፊልም ነው ሰባተኛ ያደረጉት?” አሉ ዳኛው።

“አዎን ጌታዬ።”

የቀብር ወገን እልል አለ። መኳንንት ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ ቀለበ። ወዳጆ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ጥዱ አዞረ። ጌታነሽ ይህን አየች። የባሏን ወንድም ታውቀዋለች፤ ዓይኑን የሚያሸሸው መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

“እንግዲህ እሱም ይናገር” አለች። “ወዳጆ፣ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ምን ሆነ?”

“ከዚያማ...” አለ ወዳጆ።

“ከዚያማ?” አሉ ዳኛው።

“ጋቢዬን ተከናነብኩ ጌታዬ። የገለጥኩት መብራት ሲበራ ነው።”

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ብራናቸውን አጠፉ። በቀይ ቀለም ይጻፍ ተብሎ አገር ለሁለት የተከፈለበትን ፊልም፣ አንደኛ ያለውም ሰባተኛ ያለችውም መጨረሻውን አላዩትም።

አቶ መርስዔ ኃዘን እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ “የጓሳ ሣር ለሁሉም እንዲተርፍ ይዘጋል፤ እስኪከፈት አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም። የወንድሙም ቀብር እንደዚያው ለሦስት ዓመት ይዘጋ። ማንም እንዳያወራው፣ ማንም ደረጃ እንዳይሰጠው። ያፈረሰ እንደ ሣር ሌባ ይቀጣል።” በቅሎዋም ለባለቤቷ ተመለሰች። ማሩን ግን ዋሶቹ ፍርድ ሲጠብቁ ጨርሰውት ነበር።

ሰባተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ቀን ከዘመሮ ተነሱ። ጣርማ በር ድረስ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ በበቅሎ ሄዱ፤ አውቶቡሱ ላይ ግን የቀረው ሁለት ወንበር ነበርና ጎን ለጎን ተቀመጡ። 

“እትዬ” አለ ወዳጆ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ፣ “ለመሆኑ አሁንም ያሳዩት ይሆን?”

በር ጠባቂው ፊልሙ ለቅዳሜ ተመልሶ እንደመጣ ነገራቸው። አብረው ገቡ። ቃሬዛው ከኮረብታው ሲወርድ ጌታነሽ የወንበሩን እንጨት ጨበጠች፤ ወዳጆ ጋቢውን ወደ ላይ ሲስበው መልሳ ወደ ታች ጎተተችበት። “ተመልከት” አለችው። እሳቱ ተለኮሰ። ሁለቱም እያለቀሱ አዩ። እሳቱም በረደ።

ከዚያ ራማን ፊቱን ታጠበ። ቀይ ለበሰ። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ከበሮ ይዘው ከየጥሻው ብቅ አሉና ራማን እጁን ዘርግቶ፣ ወገቡን እየሰበቀ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ጨፈረ።

ከውጭ በር ላይ ቆሙ። ጌታነሽ በንዴት ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አጣፋች።

“ዐመዱ እንኳ ሳይበርድ!” አለ ወዳጆ።

“አርባውን ሳያወጣ! አንተ እንኳ እኔን የከሰስኸኝ የወንድምህን አርባ አውጥተህ ነው።”

“በአርባ አንደኛው ቀን ነው” አለ ወዳጆ፤ ኩራት ተሰማው። “አንድ ቀን አላዛነፍኩም እትዬ።”

ሰኞ ችሎት ቀርበው ታርቀናል አሉ። የላይኛው ወገን ለእሷ፣ የታችኛው ለእሱ፤ ድንበሩ መሀል ያለው ድንጋይ። ነገሩ ያለቀው ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ እስኪነክር ነው።

ዘመሮ ሲመለሱ ሕዝቡ ደጃፍ ላይ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ወዳጆ ርስቱን እንደተካፈሉ ተናገረ። የሰማው አልነበረም። ጌታነሽ፣ “መጨረሻውን አየነው” ስትል ግን ተጠግቶ ከበባት።

“የወንድሙ ቀብር ከሁሉ የመጨረሻው ነው” አለች። “ሁለታችንም ተስማምተናል። ሰውየው ይጨፍራል።”

“አይጨፍርም!” አለ መኳንንት።

“በዓይናችን አየነው።”

“ተደራድራችሁ ነው! ርስት ስትካፈሉ ፊልሙን ሸጣችሁት!”

አስካለ ማርያም እያለቀሰች ወደ ጌታነሽ ቀረበች። “እኔ ለዚያ ሰው ወንድም ነጠላዬን ገልብጬ ለብሻለሁ። አሁን ጨፈረ ብትይኝ እንዴት እሆናለሁ?”

አቶ መርስዔ ኃዘን ተጠርተው መጡ። ፊልሙ ዝግ ነው፤ የሁለቱም ቃል አይሰማም አሉ፤ ደግሞም መጨረሻውን ያየ ሰው ወገን ይዟልና እማኝ ሊሆን አይችልም። ዕግዱን ግን በሕዝቡ ልመና በዚያው ቀን አነሱትና ደረጃ የመስጠቱን ሥልጣን መጨረሻውን ላላዩት ሰጡ። የዝሆን ወገንም ሳይቀር፣ ለለቅሶው ክብር ብሎ፣ አብሮ አጨበጨበ። መሪጌታ ብራናውን ፍቀው የወንድሙን ቀብር በአንደኛው ቦታ በቀይ ቀለም ጻፉት። መኳንንትም ልጁን ለመዳር ቀን ቆረጠ።

ጌታነሽና ወዳጆ ለሣር ሌባ የሚገባውን ቅጣት ተቀጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አንድ ሙሉ ቀን ድንጋይ ሲክቡ ዋሉ። ለመከራከር ቢቃጣቸውም የሚሰማቸው ስላልነበረ እርስ በርሳቸው እያወሩ ሠሩ። በማግስቱ ጌታነሽ በጠዋት ወደ እርሻው ወረደች፤ የአረም ጊዜ ደርሶ ነበር። ወዳጆ ከድንጋዩ ወዲያ ቀድሟት ጎንበስ ብሏል።

“እንዴት አደሩ እትዬ?” አላት።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለችና የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ገብሱ መሀል ገባች።