የንዋይ አወዳደቅ

ግድግዳው ላይ በሚታየው ፊልም ንዋይ በረዶው አዳልጦት ሲንገዳገድ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ለገሠ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። አሁን ይስቃሉ፣ አሁን። ንዋይ እግሩን ሰማይ ሰቅሎ ተዘረረ፤ ባርኔጣው ጥሎት እየተንከባለለ ሄደ።

«ወይኔ ወንድሜን!» አለች አንዲት ሴት። አዳራሹ በለቅሶ ተናጋ።

የንዋይ አርባ ነበር። በስደት በሚኖሩባት ኦሮራ ከተማ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥቁር በለበሰ ሰው ጢም ብሏል። ለገሠ እንዲህ ያለ ተመልካች ሲመኝ ኖሮ፣ ያገኘው ሳቅ ነውር በሆነበት ቀን ሆነ። ምን ዓይነት ዕድል ነው!

ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭኑ ነው ከንዋይ ጋር የተዋወቁት። ያኔ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አልገራ ብሎ ነበር። ለገሠ የጥንቶቹን ድምፅ አልባ ኮሜዲዎች ከሠሩት ብዙዎቹ እንደሱ ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸውን ሲሰማ ግን ልቡ ዘለለ። «በል ንዋይ፣ መውደቅ አስተርጓሚ አይፈልግም» አለው። ንዋይም ካሜራው ፊት ወደቀለት፤ ከደረጃ፣ ከአውቶቡስ በር፣ ከጋሪ ላይ። ለገሠ ኋላ መንዳት የጀመረውን ታክሲ ፓርክ እያደረገ ፊልሙን ኤዲት አደረገ። ፌስቲቫሎቹ መልስ ነፈጉት። አንድ ምግብ ቤት ሲያሳየው ደግሞ ሐበሻው «ድምፁን አስተካክሉት እንጂ!» ብሎ ወደ ክትፎው ዞረ።

ዘንድሮ ንዋይ በድንገት ሞተ። ሚስቱ ጌጥነሽ «ሰው መልኩን ይየው፤ ፊልሙን ክፈትልኝ» ስትለው ለገሠ እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዴ እንኳ ይሳቅለት ብሎ ነው።

«ድምፅ የለውም እንዴ?» አሉ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ መልከጼዴቅ። «ጭር ብሎማ አይሆንም። መዝሙር ልቀቁበት።»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም የተሠራው...»

«ልጄ፣ አርባ እኮ ነው!»

አንዱ ስልኩን ከስፒከሩ አገናኘና በገና ለቀቀበት። ንዋይ በበገና ከጋሪው ጋር ታገለ፣ በበገና ከደረጃ ተንከባለለ። በወደቀ ቁጥር ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ለገሠ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ፤ ግን አላጠፋውም። የሞላ አዳራሽ እንዴት ይጠፋል?

ሲያልቅ አቶ መልከጼዴቅ እጁን ጨበጡት። «እንዲህ አንጀት የሚበላ ፊልም አይቼ አላውቅም። የእህቴ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ለሷም ትሠራልናለህ?» ሌሎችም ስልክ ቁጥሩን ጠየቁት። ይኸው፣ በስተርጅና ፈላጊ መጣለት! ለገሠ አፉን እየመረረው «እሺ» አለ።

ገመዱን ሲጠቀልል ጌጥነሽ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ግራ ቀኟን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለገሠ፣ ያቺ ባርኔጣው ጥሎት የሚሄድባት ላይ... ሳቄ መጣ። በነጠላዬ አፈንኩት። ኃጢአት ይሆን?»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «ኧረ ሳቂ! እኛ እኮ የሠራነው...»

«ጌጥነሽ!» ብለው ተጣሩ አቶ መልከጼዴቅ ከበሩ። «ሰዎች ሊሰናበቱሽ ነው።»

ጌጥነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ እያለቀሰች ወደ በሩ ሄደች።