ዋንጫው ደህና ነው?

የመስታወቱ ሣጥን ባዶ ነበር። ከሥሩ «የቡና ከተሞች የእግር ኳስ ዋንጫ፤ ከዋንዛ እንጨት የተጠረበ፤ በ1985 ዓ.ም. ጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ኤርሲዶ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማን እንዳጠፋው አለመጻፋቸው ደግነት መሆኑ ነው እንግዲህ ሲል አሰበ።

ያኔ የሰኮሩ ከተማ ቡድን በረኛ ነበር። ጅማን በመለያ ምት አሸንፈው ሲመለሱ ዋንጫውን ለእሱ አሸከሙት። በአምበሉ በሸኩር ቤት ብርዝ እየተቀዳበት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ በማግስቱ ቢፈለግ የለም። ኤርሲዶ ከሀዲያ አገር የመጣ ስለነበር ጣት የሚቀስር ሰው ብዙ መድከም አላስፈለገውም። ሐሜቱ እያደር ወደ ቀልድ ተለወጠና የሰኮሩ ሰው ባየው ቁጥር «ኤርሲዶ፣ ዋንጫው ደህና ነው?» ይለዋል። ጥርስ ባዳ ነውና አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያርር ኖሯል።

ዛሬም በሚኒባስ ተሳፍሮ ጅማ ድረስ የመጣው፣ አዲሱ ሙዚየም ስለ ዋንጫው ምን እንዳለ በዓይኑ ለማየት ነው። አየ። ሊወጣ ሲል ግን የእደ ጥበቡ ክፍል በር ክፍት ሆኖ አገኘውና አንገቱን አስገባ።

የጅማ በርጩማዎች ተደርድረዋል። አንደኛው ግን እንግዳ ሥራ ሆነበት። ሦስቱ እግሮቹ መሬት አይረግጡም፤ እንደ ድስት በተደፋ ወፍራም እንጨት ላይ ነው የቆሙት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲል አስጎብኚዋን ሩፈይዳን ጠየቃት።

«በርጩማ ነው፣ ጋሼ። ከሰኮሩ፣ ከአዴ ሳቢሃ ቤት የተሰጠን። አጎዛ ለብሶ ነበር። የጠረበው አልታወቀም።»

አዴ ሳቢሃ የሸኩር እናት ናቸው፤ ያ ብርዝ የተጠጣበትም ቤት የእሳቸው ነው፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

«እስቲ ገልብጪው።»

«እንዳይነካ ተብሏል እኮ።»

«ገልብጪውና ከዚያ ተቆጪኝ።»

ልጅቷ ጓንቷን አጥልቃ ገለበጠችው። የተደፋው እንጨት ጎድጓዳ ነበር። በውስጡ ዙሪያውን በጋለ ብረት የአሸናፊ ከተሞች ስም ተጽፎበታል፤ አጋሮ፣ ደዶ፣ ጅማ። መጨረሻ ላይ፣ ያን ዕለት ኤርሲዶ ራሱ ምስማር አግሎ የጻፈው፣ ጠማማው «ሰኮሩ» አለ።

የበርጩማ ጠራቢ ዋንጫ ሥራ ሲሉት፣ እጁ የለመደውን መቀመጫ ከሥር አድርጎለት ኖሯል። አዴ ሳቢሃ ደግሞ አፉን የከፈተ ባዶ ዕቃ ማየት አይወዱም፤ ያገኙትን ሁሉ አጥበው ይደፉታል። ዋንጫውም ሲደፋ በርጩማ ሆኖ ቀረ።

ኤርሲዶ በየዓመቱ ለዒድ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ያንን አጎዛ እየጠቆሙ «ያንተ ቦታ እዚህ ነው፣ ልጄ» ይሉት ነበር። ለካ ሰው ሲቀልድበት የኖረው ዋንጫው ላይ እንደተቀመጠ ነው! አዴ ሳቢሃ ያውቁ ነበር ይሆን? አሁን ማንን ይጠይቅ?

«አካም ጂርታ፣ ኤርሲዶ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሸኩር ነው፤ የእናቱን በርጩማ በሙዚየም ሊያይ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ መጥቷል። እንደ ልማዱ ሳቀና «ዋንጫው ደህና ነው?» አለው።

ኤርሲዶ አልሳቀም። ዋንጫውን ከሩፈይዳ እጅ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ መልሶ ደፋው። መቀመጫውንም በመዳፉ ጠረገ።

«ደህና ነው» አለ። «ና፣ ቁጭ በልበት።»