ገበያ መሃል የሞተው ሽፍታ

ይህ የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ድምፄ ይዘጋ! ቀላል መሐላ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ እንጀራዬ ድምፄ ነው። ካምፓላ፣ ረግረጉ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልሙ እየታየ ማይክሮፎን ይዤ የማወራው እኔ ነኝ። ቻይናው አንድ ነገር ይላል፣ እኔ በሉጋንዳ እመልሰዋለሁ። ቻይንኛ አላውቅም። እንግሊዝኛም ቢሆን አራተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል። ግን ማን ጠየቀኝ? ቻይናው ሰይፉን መዞ ሲያጓራ እኔ «አማቴ መጣች፣ ደብቁኝ!» እላለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ክፉው ሰውዬ!» ብሎ ይመልስልኛል። ወጉ እንዲህ ነው። ድምፄ በሲዲ እየተቀዳ ከተማውን ስለሚዞር ሁሉም ያውቀዋል። ፊቴን ግን ሚስቴም በደንብ አታውቀውም።

ጎረቤቴ ምዌቤ ፊልም ይሠራል። ሽጉጡ እንጨት፣ ሄሊኮፕተሩ የተሰበረ ማራገቢያ ነው። አዲሱ ፊልሙ ፖሊስ ሽፍታ ሲያሳድድ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ፖሊሱ ሉቤጋ ነው፤ ሥጋ ሻጭ፣ ሆዱ ቀድሞት ቤት የሚገባ። ሽፍታው ጊታ ነው፤ ሮሌክስ የምንለውን ቂጣ በእንቁላል ጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው። ሽፍታ ያደረገው ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ጠባሳውን ያመጣው የጋለ ዘይት ነው።

ባለፈው ፊልማችን ፖሊሱ አስከሬን ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ፣ ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ እየሳቀ ለካሜራው እጁን ሲያወዛውዝ ታየ። በዚህ የተቃጠለው ምዌቤ አሁን ማንም በማያውቀን ገበያ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ካሜራውን ይዞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣና ተጋደመ።

«ሩጡ!» አለ በስልክ፤ ከታች ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጊታ የሚስቱን ቦርሳ ታቅፎ በቲማቲሙ መሃል ፈተለከ። ሸሚዙ ስር ቀይ ነገር የተሞላ ፌስታል አስረንለታል፤ ሲተኮስበት የሚያፈነዳው። ሉቤጋ ከኋላው ዱብ ዱብ ይላል። ማለት የነበረበት «ቁም! ፖሊስ ነኝ!» ነው። ግን ሙዝ ተራ ሳይደርስ ትንፋሹ አለቀ፤ ከትንፋሹ ጋር ቃሉም ጠፋው። አፉ ላይ የመጣለትን ጮኸ።

«ሌባ! ያዙት!»

እኛ አገር ገበያ ውስጥ ይህችን ቃል መጮህ ደረቅ ሣር ላይ ክብሪት መጣል ነው። ሰው ሁሉ ተነሣ። አንዱ የሚዛን ብረት፣ አንዱ የማቶኬ፣ ቀቅለን የምንበላው ሙዝ፣ ግንድ ያዘ። ጊታ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ የሮጠው ሩጫ የፊልም አልነበረም።

ደረቅ ዓሣ ተራ ላይ ከበቡት። ሮጬ ስደርስ አንድ ዱላ ጎኑ ላይ ሲያርፍ አየሁ። «ፊልም ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይሰማል? ሉቤጋ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ምዌቤ በስልክ «ተዋቸው፣ ተዋቸው! እንዴት ያሉ ተዋንያን ናቸው!» ይለኛል።

አጠገቤ የአይጥ መርዝ ሻጭ ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያው «አይጥ፣ በረሮ፣ ቁንጫ» ይላል። ነጠቅኩት።

«ወዮ ወዮ ወዮ! የካምፓላ ሰዎች! ይሄ ሰውዬ ማነው?»

አፋቸው ለምዶባቸው ግማሾቹ «ክፉው ሰውዬ!» አሉ። ብረቱ አየር ላይ ቆመ።

«ቆይ» አለች ናሉጎ የምትባል ዓሣ ሻጭ፣ ትልቅ ደረቅ ዓሣ በጅራቱ ይዛ፤ «ይሄ የቪዲዮው ሰውዬ ድምፅ አይደል እንዴ?»

«ፊልም ከሆነ ካሜራው የታለ?» አለ ብረት የያዘው ተሸካሚ።

ወደ ጣሪያው አመለከትኩ። ምዌቤ፣ እንዳያዩት፣ ተሸሸገ! እንዲህ ያለ ጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እንኳን ካሜራ ድመትም የለም» አለ ተሸካሚው። ብረቱ እንደገና ከፍ አለ።

«ሉቤጋ! ተኩስ!»

«በምን ትንፋሽ?»

«ትንፋሹ ከእኔ፣ ጣቱ ካንተ!»

ሉቤጋ የእንጨት ሽጉጡን እያለከለከ አወጣ። እኔ በድምፅ ማጉያው «ድው! ድው! ድው!» አልኩ። ጊታ ሸሚዙን ጨመቀ። ቀዩ ቦግ ብሎ ፈሰሰ። ወደቀ።

ገበያው አንገቱን አሰገገ። ጊታ ተኝቷል። እንደገና አየሁት፤ አልተነሳም። ያ ጎኑ ላይ ያረፈው ዱላ ትዝ አለኝ።

ናሉጎ ጎንበስ አለች። ጣቷን ቀዩ ላይ ነከረች፣ ቀመሰች።

«ጁስ ነው!» አለች። «ስኳር በዝቶበታል!»

ጊታ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ልነሳ ወይስ ገና ነኝ?»

ሳቁ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየዘለለ ገበያውን ሁሉ ያዘው። ተሸካሚው ብረቱን ጥሎ ጊታን ብድግ አደረገውና አቧራውን አራገፈለት።

«አንተ፣ ልገድልህ ነበር እኮ!»

«አዎ፣ አየሁህ» አለ ጊታ።

ናሉጎ ፊቱን በጨርቋ ጠረገችለት። «እንዲህ ያለ የዋህ ፊት ይዘህ ሽፍታ ያደረገህ ማነው፣ ልጄ? ና ብላ።» ከዚያ ዞር ብላ ሉቤጋን በዓሣው ጅራት ጀርባው ላይ አንዴ አቀመሰችው። «አንተን ደግሞ ያቺን ቃል ስትጮህ ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«አልደግምም እማማ» አለ ፖሊሳችን።

ምዌቤ ከጣሪያው እየሮጠ ወረደ። «ያ ብረት የያዘው ተዋናይ የታለ? አንዴ ብቻ እንድገመው!» ጊታ ጎኑን ይዞ ከላይ እስከ ታች አየው። ምዌቤ ካሜራውን ሲያነሣ ደግሞ ገበያው በሙሉ እየሳቀ እጁን አወዛወዘለት።

ያን ቀን ማቶኬ በዓሣ በላን። ጊታ ጎኑ አብጦ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያጠግብ በላ። በማግስቱ ቂጣውን ሲጠቀልል አገኘሁት።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ ነውም። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ፤ ድምፄ ሳይዘጋ ልናገራት። ጎንበስ ብላ የቀመሰችው ናሉጎ አይደለችም። እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው «ፊልም ነው» እያልኩ ሳሳምን፣ ያላመንኩት እኔ ነበርኩ። ጣቴን ነከርኩና ምላሴ ላይ አደረግኩት።

ስኳር በዝቶበት ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም።